ያላየነውን ማስታወስ እንችላለንን?



ሰው በዓይኑ ያየውን፣ በራሱም ላይ የደረሰውን ቢያስታውስ የሚያስደንቅ ነገር አይደለም። እንስሳ እንኳ የተመታበትን ቦታ አይረሳም። ነገር ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በሌሎች ሰዎች ላይ የደረሰውን ነገር «እኔ አስታውሳለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ ምን እንለዋለን? ውሸታም ነው እንበለውን? ወይስ እኛ ገና ያልመረመርነው ሌላ ዓይነት ማስታወስ አለ? ካለስ ለሰው የሚበጅ ግዴታ ነው ወይስ ወገብ የሚያጎብጥ ሸክም?

ይህን ጥያቄ ለመመርመር የአይሁድን ሕዝብ ምሳሌ አድርገን እናነሣለን። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ይህ ሕዝብ በ70 ዓ.ም. ሮማውያን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ካፈረሱበት ጊዜ ጀምሮ ብዙው ክፍሉ በየሀገሩ ተበትኖ ሲኖር፣ ማንነቱን ጠብቆ ካቆዩት ነገሮች ዋነኛው መታሰቢያ በመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከዚሁ ሕዝብ አንዱ ክፍል በእኛው ሀገር ተራሮች ላይ ኦሪቱን በግዕዝ እያነበበ የኖረ ስለ ሆነ ጉዳዩ የሩቅ ሀገር ወሬ ብቻ አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀ/ ማስታወስ የሚደረግ ነገር ነው

በመጀመሪያ ቃሉን እንመልከት። በግዕዝ «ዘከረ» ማለት አስታወሰ ማለት ነው። ዝክር፣ ተዝካርና መዘክር ሁሉም ከዚህ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ዕብራይስጥ የግዕዝ እኅት ቋንቋ ናትና እርስዋም በዚሁ ግንድ ትጠቀማለች፤ «ዛኾር» ስትል «አስታውስ» ብላ ማዘዝዋ ነው። እንግዲህ እናስተውል። በሀገራችን ጥግ ይዞ በመተከዝ ብቻ «ተዝካር አወጣሁ» የሚል ሰው የለም። ተዝካር ሲወጣ ጠላ ይጠመቃል፤ እንጀራ ይጋገራል፤ ድኻ ይጠራል። ስለዚህ ከቃሉ አጠቃቀም እንኳ ብንነሣ መዘከር በልብ የሚቀር አሳብ ሳይሆን በእጅ የሚሠራ ሥራ መሆኑን እንረዳለን።

የአይሁድ ልማድም ይህንኑ ያሳያል። በፋሲካቸው የመጀመሪያ ምሽት ቤተ ሰቡ በማዕድ ዙሪያ ይሰበሰባል። በማዕዱ ላይ ያልቦካ ቂጣ አለ፤ አባቶች ከግብፅ ሲወጡ ሊጡ እስኪቦካ አለመቆየታቸውን ያሳስባል። መራራ ቅጠል አለ፤ የባርነትን ምሬት ለምላስ ይናገራል። የጨው ውኃ አለ፤ ስለ እንባ ነው። ከፍራፍሬና ከለውዝ ተደባልቆ የተሠራ ነገርም አለ፤ አባቶች ለፈርዖን ጡብ ሲሠሩ ያቦኩትን ጭቃ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ከቤቱ ልጆች ትንሹ ተነሥቶ ያ ምሽት ከሌሎች ምሽቶች በምን እንደሚለይ ይጠይቃል። ጠያቂው ልጅ፣ መላሾቹ ትልልቆቹ መሆናቸውን ልብ እንበል። ትምህርቱ በልጁ ጥያቄ የሚጀመር በመሆኑ ልጁ ባይጠይቅ ሥርዓቱ ይጎድላል። በዚያም ምሽት እያንዳንዱ ሰው፣ በየትውልዱ፣ ራሱን ከግብፅ እንደ ወጣ አድርጎ እንዲቈጥር ታዝዟል። ታሪኩ «እነርሱ ወጡ» ተብሎ ሳይሆን «እኛ ወጣን» ተብሎ ይነገራል።

እንግዲህ ያላየነውን ማስታወስ እንችላለንን ለሚለው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ እዚህ እናገኛለን። ያላየነውን በዓይናችን ማስታወስ አንችልም። በምላሳችን፣ በእጃችን፣ በአፋችን ግን እንችላለን። መራራውን ቅጠል ያልቀመሰ ልጅ ባርነትን የሚያውቀው በወሬ ብቻ ነው። የቀመሰ ልጅ ደግሞ ጥቂትም ቢሆን የራሱ ያደርገዋል።

ልማዱ በፋሲካ ብቻ አይወሰንም። በሠርግ ቀን ሙሽራው ብርጭቆ በእግሩ ይሰብራል፤ በደስታ መካከል የቤተ መቅደሱን መፍረስ ለማሰብ ነው ይባላል። ወላጁ የሞተበት ሰው «ቃዲሽ» የተባለውን ጸሎት ዐሥራ አንድ ወር ሙሉ ይደግማል። በዚህ ጸሎት ውስጥ ሞት የሚል ቃል የለም፤ ይዘቱ የእግዚአብሔርን ስም ማክበር ነው። ደግሞም ዐሥር ሰው ካልተሟላ አይባልም። ኀዘንተኛው ብቻውን ሆኖ ሊያስታውስ አይችልምና የግድ ወደ ጉባኤ ይወጣል፤ ጉባኤውም የግድ ይመጣለታል። እኛ በዕድር የምናውቀውን ነገር እነርሱ በጸሎት ሥርዓት አጽንተውታል።

ምናልባት አንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለሃይማኖተኛው ነው፤ ጸሎት የማያውቀው አይሁዳዊስ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱን በሞስኮ እናገኘዋለን። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት ዕብራይስጥ ማስተማር እንደ ወንጀል በሚታይበት ዘመን፣ በ1960ዎቹ፣ በየዓመቱ የኦሪት የደስታ በዓል በሚከበርበት ምሽት ብዙ ሺህ ወጣቶች በከተማይቱ ምኩራብ ደጃፍ ተሰብስበው በአደባባይ ይዘፍኑና ይጨፍሩ ነበር። ብዙዎቹ ጸሎቱን አያውቁም፤ ፊደሉንም አይለዩም። ቢሆንም በዚያ ምሽት መቅረት አልፈለጉም። ማንነት በዕውቀት ከመሙላቱ በፊት «እኔም ከእነዚህ ጋር ልቈጠር» በማለት ሊጀምር እንደሚችል ከእነዚህ ወጣቶች እንማራለን።

ለ/ ለማን ነው የምናስታውሰው?

እስካሁን ያየነው ሕያዋን ስለ ራሳቸው ማንነት ብለው የሚያደርጉትን ነው። ነገር ግን ለሙታንስ ዕዳ የለብንምን? በሃያኛው መቶ ዓመት ይህን ጥያቄ እጅግ ያከበደ ነገር ሆነ። የናዚ መንግሥት ወደ ስድስት ሚሊዮን የሚሆኑ የአውሮፓ አይሁድን ፈጀ። አሳቡ ሰዎቹን መግደል ብቻ አልነበረም፤ አብዛኛዎቹ መቃብር የላቸውም፤ ስማቸውን የሚጠራ ዘመድም ሳይቀር ያለቁ ብዙ ቤተ ሰቦች ናቸው።

በኖቬምበር 1940 በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ ከ400 ሺህ የሚበልጡ አይሁድ በግንብ ታጥረው ተዘጋባቸው። በዚያ ግንብ ውስጥ ኢማኑኤል ሪንገልብሉም የተባሉ የታሪክ ሊቅ ነበሩ። እርሳቸውም መምህራንን፣ ጸሐፊዎችንና ወጣቶችን አሰባስበው የሚሆነውን ሁሉ በምስጢር መጻፍና ማከማቸት ጀመሩ። በሰንበት ቀን ይሰበሰቡ ስለ ነበር የቡድኑ ስም «ኦኔግ ሻባት» ተባለ፤ የሰንበት ደስታ ማለት ነው። ያከማቹት ትልልቅ ሰነዶችን ብቻ አልነበረም። የራሽን ወረቀት፣ የከረሜላ መጠቅለያ፣ በግድግዳ የተለጠፈ ማስታወቂያ፣ የሕፃናት ድርሰት ሳይቀር ሰበሰቡ። በረኃብና በተስቦ መካከል ያለ ሰው የከረሜላ መጠቅለያ ምን ያደርግለታል? እነርሱ ግን ነገ ታሪካቸውን ገዳዮቻቸው ብቻ እንዲጽፉት አልፈቀዱም። ሰው በቁጥር ሳይሆን በኑሮው እንዲታወስ ፈለጉ።

በ1942 ክረምት ሕዝቡ ወደ ትሬብሊንካ የሞት ጣቢያ መጫን በጀመረ ጊዜ፣ አንድ መምህርና ዕድሜያቸው ሃያ ያልሞላ ሁለት ተማሪዎቹ ጽሑፎቹን በብረት ሣጥኖች አድርገው ከአንድ ትምህርት ቤት ሥር ቀበሩ። ቀሪው በኋላ በወተት ማጓጓዣ ትልልቅ የብረት ዕቃ ተደርጎ ተቀበረ። ሪንገልብሉም በ1944 ተገደሉ። ሥልሳ ያህል ከነበሩት የቡድኑ ሰዎች ጦርነቱን ያለፉት ሦስት ብቻ ነበሩ። እነዚህ የተረፉት በሰጡት ምልክት በ1946 ሣጥኖቹ ከፍርስራሹ ሥር ተቈፍረው ወጡ፤ የወተቱ ዕቃም በ1950 ተገኘ።

እነዚያን ሁለት ወጣቶች እናስባቸው። በእኛ ዕድሜ ነበሩ። ለራሳቸው የሚሆን መሸሸጊያ ሊቈፍሩ ሲችሉ ለማያውቁት አንባቢ ወረቀት ቀበሩ። ያ የማያውቁት አንባቢ እኛም ነን። ስለዚህ ማስታወስ ሟቹ ለሕያው የላከው አደራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። አደራ ደግሞ በሀገራችን ሰው ዘንድ ከባድ ቃል ነው፤ የተቀበለው ሰው «አልጠየቅሁም ነበር» ብሎ ሊጥለው አይችልም።

ይህን አደራ ለመወጣት በ1953 በእስራኤል ፓርላማ ሕግ «ያድ ቫሼም» የተባለው የመታሰቢያ ተቋም በኢየሩሳሌም ተመሠረተ። ስሙ ከትንቢተ ኢሳይያስ የተወሰደ ሲሆን መታሰቢያና ስም እንደ ማለት ነው። ተቋሙ ከሟቾቹ መካከል ከአራት ሚሊዮን ተኩል በላይ የሚሆኑትን በስም ለይቶ መዝግቧል። በጀርመን ደግሞ ጉንተር ዴምኒሽ የተባሉ ሠዓሊ ከ1990ዎቹ ጀምረው፣ ሟቾቹ ይኖሩባቸው በነበሩ ቤቶች ደጃፍ፣ ስም የተቀረጸባቸውን ትናንሽ የነሐስ ድንጋዮች በእግረኛ መንገድ ላይ ይተክላሉ። የተተከሉት በብዙ የአውሮፓ ሀገሮች ከመቶ ሺህ አልፈዋል። ስሙን ለማንበብ የሚፈልግ መንገደኛ ጎንበስ ማለት አለበት።

ሐ/ «መርሳት ይሻላል» ለሚሉ

ይሁን እንጂ ነገሩን ከአንድ ወገን ብቻ ብናይ ሚዛናችን ይዛባል። ማስታወስ ሁልጊዜ መልካም ነውን? ደም የተቃቡ ሁለት ዘመዳሞችን እናስብ። ልጅ ገና ሲወለድ «አባትህን የገደለው የእገሌ ወገን ነው» ይባላል፤ ልጁም አድጎ ይገድላል። ይህም ማስታወስ ነው። በሀገራችን ስንት ቤት በእንዲህ ያለ ማስታወስ እንደ ፈረሰ ሁላችን እናውቃለን።

ይህን ተቃውሞ ያቀረቡት የውጭ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ይሁዳ ኤልካና የተባሉ የእስራኤል የፍልስፍና ሊቅ በልጅነታቸው በዐሥር ዓመታቸው ወደ አውሽዊትዝ የሞት ጣቢያ ተወስደው ከሞት የተረፉ ሰው ናቸው። በ1988 በእስራኤልና በፍልስጤማውያን መካከል ያለው ጠብ በጋለበት ወቅት፣ «ሐአሬጽ» በተባለው ጋዜጣ መርሳት እንደሚያስፈልግ የሚከራከር ጽሑፍ አወጡ። አሳባቸው በአጭሩ ይህ ነው። ከዚያ ጣቢያ ሁለት ዓይነት ትምህርት ይዞ መውጣት ይቻላል። አንዱ ይህ ነገር በማንም ላይ ዳግመኛ እንዳይደርስ የሚል ነው። ሁለተኛው ይህ ነገር በእኛ ላይ ዳግመኛ እንዳይደርስ የሚል ነው። ሊቁ የፈሩት ሁለተኛው ትምህርት ሕዝቡን በፍርሃት እንዳይገዛው፣ የሌላውንም ሥቃይ እንዳያይ ዓይኑን እንዳይሸፍነው ነው። ዓለም ያስታውስ፤ እኛ ግን ዕለት ዕለት በዚያ ትዝታ እየተመራን አንኑር ማለታቸው ነበር።

ይህን የተናገሩት ሥቃዩን በሥጋቸው የተቀበሉ ሰው በመሆናቸው አሳባቸውን በቀላሉ ልንጥለው አንችልም። ከእርሳቸው ጋር የማይስማሙ ሌሎች ከዚያው ሥቃይ የተረፉ ሰዎችም በበኩላቸው የረሳ ሰው ለሚቀጥለው ገዳይ በር ይከፍታል ይላሉ። ታዲያ ማን ትክክል ነው?

በእኛ አስተያየት መልሱ ከጥንቱ ሥርዓት ውስጥ ይገኛል። በኦሪት የግብፅን ባርነት አስቡ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን አይቆምም። ደጋግሞ ከሌላ ትእዛዝ ጋር ታስሮ ይገኛል፤ መጻተኛውን አታስጨንቁ፣ እናንተም መጻተኞች ነበራችሁና የሚል ነው። በኦሪት ዘዳግም ሰንበት የምትከበርበት ምክንያት ሲነገርም ባሮች የነበሩ ሰዎች አገልጋዮቻቸውም እንደ እነርሱ እንዲያርፉ መሆኑ ተገልጿል። በፋሲካው ማዕድም ላይ አንድ የሚያስደንቅ ልማድ አለ። ዐሥሩ መቅሠፍት ሲቈጠሩ በየአንዳንዱ ከጽዋው ወይን ይቀነሳል። ብዙዎች የሚሰጡት ምክንያት ግብፃውያን ስለ ሞቱ ደስታችን ሙሉ መሆን አይገባውም የሚል ነው። ያስጨነቀህ ሰው እንኳ ሲሞት ጽዋህን ቀንስ!

እንግዲህ የመታሰቢያ መፈተኛው እዚህ ነው። «ስንት ዓመት አስታወስህ?» ብለን ሳይሆን «በማስታወስህ ለማን ራራህ?» ብለን እንጠይቅ። የራሱን ቁስል እያሰበ የሌላውን ቁስል ማየት የተሳነው ሰው ማስታወሱን በግማሽ አቁሞታል።

መ/ ከሀገራችን የወጡት ምስክሮች

ይህን መፈተኛ ይዘን ወደ ቅርባችን እንምጣ። ቤተ እስራኤል በጎንደር፣ በስሜንና በትግራይ ለብዙ ዘመን የኖሩ ናቸው። ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ ይሏቸው ነበር፤ ይህ ስም መጤ፣ ሀገር የለሽ የሚል አሳብ ስላለው አይወዱትም። ርስት ስለ ተከለከሉ በቀጥቃጭነት፣ በሸክላ ሥራና በሽመና ይተዳደሩ ነበር። ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ገበሬው ቀን ይፈልገዋል፤ ማታ ግን ቡዳ ብሎ ይሸሸው ነበር። ይህም መታወስ አለበት።

እነርሱ በዓመት አንድ ቀን፣ ከማስተሥረያ ቀን በኋላ በኃምሳኛው ቀን፣ ስግድ የተባለውን በዓል ያከብራሉ። ስሙ ሰገደ ከሚለው የመጣ ነው። በኢትዮጵያ ሳሉ ነጭ ለብሰው፣ እየጾሙ ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶቻቸው ኦሪቱን ይዘው በግዕዝ ያነባሉ፤ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም ፊቱን መልሶ ይሰግዳል፤ ከዚያም ወርደው በደስታ ይበላሉ። አንዳቸውም ያላዩዋትን ከተማ ነበር የሚናፍቁት። ያላየነውን ማስታወስ እንችላለንን ላልነው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ መልስ አለ?

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ሱዳን ተጓዙ። ሌሊት እየሄዱ፣ ቀን እየተደበቁ፣ በመጠለያም ማንነታቸውን እየሸሸጉ ቆዩ። በጉዞውና በመጠለያው ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ እንደ ሞቱ ይገመታል። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 ድረስ በ«ሙሴ ዘመቻ» ብዙ ሺህዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በሜይ 1991 ደግሞ በ«ሰሎሞን ዘመቻ» ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጓጓዙ።

ታዲያ የናፈቋት ሀገር እንዴት ተቀበለቻቸው? በደስታም፣ በጥርጣሬም ነበር። በ1973 ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ መሆናቸውን መስክረው ነበር። ሆኖም ከደረሱ በኋላ የሃይማኖት ባለ ሥልጣኖች ለጥንቃቄ ብለው በውኃ ሥርዓት እንደ ገና እንዲነጹ ጠየቁ። ለዚህ እምነት ስንት ልጅ በመንገድ ቀብሮ ለመጣ ሰው ይህ መራራ ነበር፤ በ1985 በኢየሩሳሌም ለሳምንታት በአደባባይ ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 ደግሞ የለገሱት ደም በምስጢር ይጣል እንደ ነበር ተገለጠ፤ ሺህዎች ለተቃውሞ ወጡ። የብዙ ልጆች ስምም ወደ ዕብራይስጥ ተለወጠ። እናት በአማርኛ ስትጠራ ልጅ በዕብራይስጥ መመለስ ጀመረ። በመታሰቢያ ላይ የቆመ ኅብረተሰብ እንኳ የሌላውን መታሰቢያ ለመቀበል ሊዘገይ እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

ነገሩ ግን በዚህ አልቆመም። ሳይታክቱ ስለ ጠየቁ በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ለወደቁት መታሰቢያ ቆመላቸው። በየዓመቱም በኢየሩሳሌም ቀን በመንግሥት ሥነ ሥርዓት ይታሰባሉ። በ2008 ስግድ በሕግ የእስራኤል መንግሥት በዓል ሆነ። ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ በስግድ ቀን ኢየሩሳሌምን ቁልቁል ከሚያሳይ ኮረብታ ላይ ይሰበሰባሉ። «ኢየሩሳሌም ከደረሱ ስለ ኢየሩሳሌም መስገድ ለምን?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሽማግሎቹ ቤተ መቅደሱ ገና አልተሠራም ይላሉ። ወጣቶቹ ደግሞ የሚያስቡት የአያቶቻቸውን ተራራና የሱዳንን መንገድ ጭምር ነው። ትናንት በጎንደር ኢየሩሳሌም ትታሰብ ነበር፤ ዛሬ በኢየሩሳሌም ጎንደር ይታሰባል።

ሠ/ ለእኛ ምን ይሆነናል?

ከላይ ከተመለከትነው ሦስት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ የማይደረግ መታሰቢያ አይቆይም። ማዕዱ፣ ጾሙ፣ ስሙን መጥራቱ ሲቀር አሳቡም ይተናል። ሁለተኛ፣ መታሰቢያ በልጅ ጥያቄ ይኖራል። አያቶቻችን ሳሉ «ከየት መጣችሁ? ምን አያችሁ? ማንን ቀበራችሁ?» ብለን ካልጠየቅን ነገ መልሱ ከእነርሱ ጋር መቃብር ይወርዳል። ልጅ ሲጠይቅም «ዝም በል» አንበለው። ሦስተኛ፣ መታሰቢያ በምሕረት ይፈተናል። ድህነትን ያየ ቤት ዛሬ የሚያገለግሉትን ልጆች ከማዕዱ ጥግ ካቆመ፣ በስደት ዘመድ የቀበረ ሰው በሠፈሩ ያለውን ስደተኛ ካንጓጠጠ፣ ምን አስታወሰ ይባላል?

በተለይም የሄዱትን ጎረቤቶቻችንን ስናስብ፣ የሠሩልንን ማረሻና ገንቦ እንዲሁም የወጣላቸውን ስም አብረን እናስብ። የራስን ሙታን ማስታወስ ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው። የሌላውን ሕዝብ ሙታን፣ ይልቁንም እኛ ያልተመቸናቸውን ሰዎች ማስታወስ ግን መማርን ይጠይቃል።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ያላየነውን ማስታወስ እንችላለን ብለን ደምድመናል። የማንስ ሥቃይ ነው በእኛ ዘንድ የሚያስታውሰው ያጣው? በዚህ ላይ ያላችሁን አሳብ ጽፋችሁ ብታቀርቡልን አብረን እንወያይበታለን።